የጎደለው ሊትር የት ገባ?



ንግግሬን በአንድ ሰው ልጀምር። እዚህ ደብረ ታቦር በየነዳጅ ማደያው፣ በየማለዳው ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው ባጃጅ ሳይሰለፍ ረጅም የመለኪያ ዘንግ ይዞ ይመጣል። ከሲሚንቶው ወለል ላይ ያለችውን የብረት ክዳን ያነሣል፤ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ከሥር የተቀበረውን የነዳጅ ታንከር ወለል እስኪነካ ቀስ እያለ ይሰደዋል። መልሶ ሲስበው ቤንዚኑ የቆመበት መስመር እርጥብ ሆኖ ይታያል። ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን መስመሩ ሳይጠፋ ማንበብ አለበት። ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራል። ካደረው ላይ በፓምፕ የተሸጠውን ይቀንሳል፤ ቦቴ ያራገፈው ካለ ይደምራል። ውጤቱ ዘንጉ ካሳየው ጋር መግጠም አለበት።

ብዙ ቀን አይገጥምም። አሥር ሊትር ይጎድላል፤ ሌላ ቀን አሥራ አምስት ይተርፋል። ሲጎድል የሚባለው የታወቀ ነው፦ ተንኖ ነው፣ ቦቴው አጉድሎ ነው፣ ቀጂው እጁን አስረዝሞ ነው። ከማደያው ግቢ ውጭ ያለነው ደግሞ የራሳችን መልስ አለን፤ ሌሊት በጀሪካን ወጥቶ ጥቁር ገበያ ገባ እንላለን። በወረፋ ያደረ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ዛሬ ማታ የምለምናችሁ ግን ከነዚህ ሁሉ ተጠርጣሪዎች ጋር አንድ ሌላ ተጠርጣሪ እንድትጨምሩ ነው። መሬቱን ጠይቁት።

ታንከር ብረት ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ የተቀበረ ብረት ይዝጋል። ዝገቱ የሚጀምረው ከውጭ ብቻ አይደለም፤ ከነዳጁ ሥር የሚጠራቀመው ጥቂት ውኃም የታንከሩን ሆድ ከውስጥ ይበላዋል። ከታንከሩ ይልቅ ደግሞ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቧንቧና መገጣጠሚያው በማፍሰስ ይቀድማል። ቀዳዳው መርፌ የምታስገባ ቢሆን እንኳ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሰከንድ አንድ ጠብታ ይንጠባጠብ። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቀኑ 86,400 ሰከንድ አለው። በቀን 4.3 ሊትር፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል፤ ወደ 8 በርሜል ማለት ነው። ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ 8 በርሜል ከእግራችን ሥር።

ታዲያ ያ ባለ ዘንግ ሰው ለምን አያየውም? ስንፍና አይደለም። ወርዱ 2 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ የተጋደመ ታንከር ግማሹ ሲሞላ፣ ዘንጉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት 25 ሊትር ነው። የቀኑ 4 ሊትር ከሚሊ ሜትሩ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ይህን ዓይን አይለየውም። ደብተር ግን ይለየዋል። የዓይን ስሕተት አንድ ቀን ወደ ላይ፣ አንድ ቀን ወደ ታች ነው፤ በወሩ መጨረሻ ሲደመር እርስ በርሱ ይጣፋል። ቀዳዳ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው። ሠላሳ ቀን ሲደመር 130 ሊትር ጎድሎ ይገኛል። ስለዚህ የቀን ቁጥሩን እያዩ "ትንሽ ናት" ብሎ ማለፍ ሳይሆን የወሩን ድምር ማየት ነው ቁም ነገሩ። እዚህ ከመካከላችሁ የማደያ ባለቤት ካለ፣ ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ይህችን ብቻ ይዞ ቢሄድ አይቆጨኝም።

አሁን ወደዚህ ጠረጴዛ ተመልከቱ። ይህ የመስታወት ዕቃ ግማሹ አሸዋ ነው፤ ከሥሩ ውኃ አድርጌበታለሁ። ከላይ ያለው አሸዋ ደረቅ ነው። በዚህ ብርጭቆ ያለው በርበሬ ያቀላሁት የምግብ ዘይት ነው፤ እውነተኛ ነዳጅ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ አላመጣም። አሁን አንድ ጥግ ላይ ላፍስሰው። እዩት፤ ቀስ እያለ በአሸዋው መካከል ይወርዳል። ውኃው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከውኃ ስለሚቀልል አይሰምጥም፤ ተንሳፍፎ ወደ ጎን ይዘረጋል። ቤንዚንም ናፍጣም እንዲሁ ናቸው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው።

አሁን ክረምት ይግባ። በዚህች ቀጭን ቱቦ ከሥር ውኃ ልጨምር። ውኃው ከፍ ሲል ቀዩም አብሮ ከፍ አለ። አሁን ደግሞ በጋ ይሁን፤ በስሪንጅ ከሥር ልምጠጥ። ውኃው ወረደ፤ ቀዩም ተከተለው። ግን ልብ በሉ፦ ሁሉም አልወረደም። በወጣበትና በወረደበት መንገድ ሁሉ እያንዳንዷን የአሸዋ ፍሬ ቀብቷታል። መጀመሪያ እንደ ወረቀት የሳሳ ሽፋን የነበረው አሁን አራት ጣት የሚሆን ቀይ አፈር ሆነ። ደብረ ታቦር በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ዝናብ ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚጥልበት አገር የከርሰ ምድር ውኃው ብዙም ከፍ ዝቅ አይልም። የእኛ ግን በክረምት ሞልቶ በሚያዝያ ይጠልቃል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይቀባል፤ በየዓመቱ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ ከተዘጋ ማደያ 40 እርምጃ ያህል ርቆ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አይቼ ነበር። የቤቱ እናት ቡና አፍልተው እየጠበቁኝ ነበር። "ልጄ፣ ይህ ውኃ በክረምት ላምባ ላምባ ይላል፤ በበጋ ደግሞ ይተዋል፤ ጎረቤቶቼ አፍንጫሽ ነው ይሉኛል" አሉኝ። የሄድኩት በጥር ነበርና ባሸትተው ምንም የለም። ሸኝተውኝ ተመለስኩ፤ እኔም በልቤ አፍንጫቸው ነው አልኩ። ይህን ዛሬም አልረሳውም። አፍንጫቸው አልነበረም። በጥር ውኃው ከተቀባው አፈር በታች ወርዶ ነበር፤ በሐምሌ ተነሥቶ ሲደርስበት እንደገና ይጠጣዋል። እኒያ እናት ይህን የመስታወት ዕቃ የመሰለ ማሳያ ሳያዩ፣ በየዓመቱ ክረምትና በጋ አስተያይተው፣ ትክክለኛውን ነገር ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ ውኃ ሽታ የሚነግረኝን ሰው "መቼ መቼ?" ብዬ ሳልጠይቅ አልለቀውም።

አሸዋውን ለማሳየት እንዲመች አመጣሁት እንጂ የእኛ መሬት አሸዋ አይደለም። የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ከሚያፈሱ ማደያዎች ሥር የሰበሰቡትን መረጃ ሲመረምሩ፣ የተበከለው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ሜትር ብዙም ሳይርቅ እንደሚቆም አገኙ። ይህ የሚያጽናና ቁጥር ነው፤ እኔም ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን እዚያ ያለው በአብዛኛው ደለልና አሸዋ ነው። ውኃው በፍሬዎቹ መካከል እየተሹለከለከ በዝግታ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳትም ቆሻሻውን የመብላት ጊዜ ያገኛሉ። እኛ የቆምንበት ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየደጋገመ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጉናም ከዚያ በኋላ በላዩ የተነሣ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ይህ ጥቁር ድንጋይ ራሱ ውኃ አይዝም፤ ውኃ የሚይዘው ስንጥቁ ነው። በስንጥቅ ውስጥ የሚሄድ ውኃ ደግሞ እንደ ቧንቧ ነው። ቀኝ ያለው ጉድጓድ ንጹሕ ሆኖ፣ ግራ ያለው አምስት እጥፍ ርቆ ሊበከል ይችላል። ወደ ፎገራ ስትወርዱ ደግሞ ዋልካ አለ። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል። የሚያብጥና የሚሸበሸብ አፈር የተቀበረ ቧንቧን እንዴት እንደሚያንገላታው የዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግድግዳው ይመሰክራል።

ከፍታውንም አስቡት። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ላይ ነን፤ ጣና 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከሉ ከ900 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ርብና ጉማራ ከጉና ወገብ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ከዚህ ከተማ ሥር የገባ ነገር ወደ ላይ አይሄድም። ከደጋው ግርጌ በየቁልቁለቱ የሚወጡት ምንጮች የእኛ ዝናብ ናቸው፤ ገበሬው ከብቱን የሚያጠጣባቸው፣ ሕመምተኛ የሚጠመቅባቸው፣ ጠበል ተብለው የሚከበሩ ምንጮች። ስለዚህ የከተማ ማደያ ጉዳይ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጥንት ጊዜ ነገሥታቱ መናገሻ ቦታቸውን ይቀይሩ ነበር፤ ማገዶውና ውኃው ሲጎድል ሠፈሩ ሁሉ ድንኳኑን ነቅሎ ይነሣል። ደብረ ታቦርም ከራስ ጉግሣ ጀምሮ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ድረስ ብዙ ሠራዊት ሲሠፍርባትና ሲነሣባት ኖራለች። አሁን ግን ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ ፎቁ ሁሉ ተተክሏል። ነቅለን የምንሄድበት የለንም።

ቤንዚን አንድ ነገር አይደለም፤ የብዙ ንጥረ ነገሮች ቅልቅል ነው። ከነዚያ መካከል ቤንዜን የሚባል አለ። ስሙ ከቤንዚን ስለሚቀራረብ አያምታታችሁ፤ ቤንዜን በቤንዚን ውስጥ ያለ አንድ ኬሚካል ነው። የደም ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅም በውኃ በቀላሉ ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ከዚህ በላይ እንዳይገኝ ያለው መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ቤንዜን ቢኖር ከ7 ግራም በላይ ነው። ይህ 7 ግራም በውኃ ውስጥ ቢበተን ከ700,000 ሊትር በላይ ውኃ ከተፈቀደው ወሰን ጠርዝ ላይ ያደርሳል። በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሲሰፈር 35,000 ጀሪካን መሆኑ ነው። አንድ ሊትር፤ ቦቴው ሲያራግፍ ከቱቦው ጫፍ ላይ "ምንም አይደል" ተብሎ የሚንጠባጠበው። እርግጥ ከሚፈሰው ብዙው ይተናል፣ ከፊሉም አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሁሉም ውኃ ውስጥ አይገባም። ቢሆንም ቁጥሩን ልብ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

"እናሸትተዋለን!" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቤንዜንን ምላስ የሚለየው በሊትር ግማሽ ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ይህም ከተፈቀደው 50 እጥፍ ነው። ሽታ ካለው ውኃው መጥፎ ነው፤ ሽታ ስለሌለው ግን ደህና ነው ማለት አይቻልም። ውሃ አጋርና ቢሻን ጋሪ የብዙ ልጆችን ሕይወት ያተረፉ የውኃ ማከሚያዎች ናቸው፤ የሚገድሉት ግን ጀርም ነው፤ ነዳጅ ላይ ኃይል የላቸውም። ማፍላትም አይመከርም፤ ከድስቱ የወጣው ትነት ወጥ ቤቱን ይሞላዋል፤ እዚያ ያለችው ደግሞ እናት ናት፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ። ነዳጅ ነዳጅ የሚል ውኃ ሲገኝ መፍትሔው አንድ ነው፦ ያንን ጉድጓድ ከመጠጥ ማውጣት።

አንድ ሌላ አደጋም ልጨምር፤ ስለ ሕይወት ነውና። አንዳንድ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ከመውረዳቸው በፊት አየሩን ለመፈተን ሻማ ወይም ኩራዝ ያወርዳሉ። የታፈነ አየር ላለበት ጉድጓድ የቆየ ዘዴ ነው። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ፣ ምድር ቤት ውስጥ ይተኛል። እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። በማደያ አቅራቢያ ያለ ጉድጓድ ሽታ ካለው እሳትም ሰውም አይውረድበት።

በአፍሪካ ይህ ነገር እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ኦጎኒላንድ አሳይታናለች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ስለዚያ የናይጄሪያ አካባቢ ባወጣው ዘገባ፣ ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በምትባል መንደር ሰዎች የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ከ900 እጥፍ በላይ ቤንዜን ተገኝቶበታል። በከርሰ ምድር ውኃው ላይ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተጣራ ነዳጅ ተንሳፍፎ ነበር። የተጣራ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከነዳጅ ጉድጓድ የወጣ ድፍድፍ ሳይሆን እንደ እኛ ማደያ ያለ ነዳጅ ነው፤ የመጣውም ከማስተላለፊያ ቧንቧ ነው። ዘገባው አካባቢው ሙሉ በሙሉ እንዲያገግም ከ25 እስከ 30 ዓመት ይወስዳል አለ። ሀብታም አገርም አላመለጠም፦ የካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ1996 በቤንዚን ውስጥ በሚጨመር ኬሚካል ምክንያት የከተማዋን ግማሽ ያህል ውኃ የሚሰጡ ጉድጓዶቿን ዘግታ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ውኃ ከውጭ ስትገዛ ኖረች። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1984ቱ ሕግ ወዲህ የተረጋገጡት ከመሬት ውስጥ ታንከሮች የወጡ ፍሳሾች ከ5 መቶ ሺህ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ጸድተዋል። የጸዱት ስለተቆጠሩ ነው።

እንዴት ይጸዳል? መጀመሪያ ምንጩን መድፈን ነው፤ ታንከሩን ባዶ ማድረግ፣ ቧንቧውን መዝጋት። ይህን ሳያደርጉ ማጽዳት የሚያንጠባጥብ ጣራ ሥር መወልወል ነው። ቀጥሎ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ። ለዚህ ቢያንስ ሦስት የመመልከቻ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ ድስት በሁለት ጉልቻ አይቆምም። የሦስቱ የውኃ ከፍታ ሲለካ መሬቱ ውስጥ ያለው ውኃ ወዴት እንዳዘነበለ ይታወቃል። ስንጥቅ በበዛበት የእኛ ድንጋይ ግን ሦስት መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ታች ያሉትን ምንጮችም እንደ ጉድጓድ ቆጥሮ መመርመር ይገባል።

በውኃው ላይ የተንሳፈፈው ነዳጅ በፓምፕ ወይም በመቅጃ ይቀዳል። ይህ የሚያስደስት ሥራ ነው፤ የወጣውን በሊትር ትለካዋለህ። አፈር ላይ የተጣበቀው ግን ተንኮለኛው ነው። ለቤንዚን ጥሩው ዘዴ አየር መምጠጥ ነው። ከውኃው በላይ ባለው አፈር ውስጥ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ተተክሎ በመምጠጫ ሲሳብ፣ ቤንዚኑ እየተነነ ይወጣል፤ የወጣው ትነት በልዩ ሁኔታ በተዘጋጀ ከሰል ውስጥ አልፎ ይያዛል። ናፍጣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይተንም። ለናፍጣ የሚሻለው ሌላ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ግን ምግብና አየር የሚፈልግ።

ስለዚህ ሠራተኛ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው። አፈር ውስጥ ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከውጭ አናመጣቸውም፤ እዚሁ ጭቃችን ውስጥ ናቸው። ሚኒሶታ ውስጥ በቤሚጂ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ዘይት ፈሰሰ። ከጸዳ በኋላ የቀረውን ተመራማሪዎች ከ40 ዓመት በላይ እየለኩ ተከታትለውታል። ያገኙት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ባክቴሪያዎቹ የተሟሟውን ክፍል እየበሉ፣ ብክለቱ ውኃው የሄደውን ያህል እንዳይሄድ አድርገውታል። ሁለተኛ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም ዘይቱ አላለቀም። ሁለቱም እውነት አብረው ይያዙ፤ የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ "ተፈጥሮ ያጸዳዋል" ብሎ ይተኛል፣ ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል።

ተቆፍሮ ለወጣ አፈር ይህን ሠራተኛ እኛም ልናሠራው እንችላለን። ቦታው ከምንጭና ከወንዝ የራቀ ይሁን። ከሥር ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ ዙሪያውን የሚያግድ አፈር ይከመራል። የተበከለው አፈር ከጭድና ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይደባለቃል፤ ባክቴሪያው ነዳጁን ለመብላት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስለሚፈልግ ነው፤ ጭዱ ደግሞ አየር ማስገቢያ ነው። እርጥበቱ ስትጨብጠው የሚጣበቅ፣ ስትለቀው የማይንጠባጠብ ይሁን። በየሳምንቱ ይገለበጣል። ክረምት ላይ ዝናቡ እንዳያጥበው ይሸፈናል፤ ጥቁር ሸራ ቢሆን ይመረጣል፤ ፀሐይ ስቦ ያሞቀዋል። የደብረ ታቦር አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞቃታማው መተማ ላይ በወራት የሚያልቀው እዚህ ይዘገያል። እስኪመረመርም ድረስ ያ አፈር ማሳ ላይ አይበተንም። ፍጉን፣ ጭዱን፣ ገልባጩን ሁሉ ፋርጣ ውስጥ እናገኛለን፤ ከውጭ የሚያስፈልገን ምርመራው ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ግን አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ "ምን አገባህ?" ሳይባል፣ ጉዳት ደርሷል ወይም ሊደርስ ይችላል ብሎ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ታች ምንጩ ላይ ያለው ገበሬ የማደያው ጎረቤት ባይሆንም ይችላል ማለት ነው። ይህን አንቀጽ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት ደስ ይለኛል።

ስለ ማደያ ብቻ ያወራሁት ታንከሩ ትልቅ ስለሆነ ነው። ጋራዡ የሚደፋው የተቃጠለ ዘይት፣ የላቫጆው አረፋ፣ በነዳጅ እጥረት ጊዜ ጓሮ የተደበቀው በርሜል ሁሉ ከዚሁ መዝገብ ናቸው። ደግሞ ከፊታችን የሚመጣ አንድ ነገር አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቶ ማደያው ሲያንስ፣ የሚዘጉ ማደያዎች ይኖራሉ። የተዘጋ ማደያ ታንከር ዘንግ የሚያወርድበት የለም። ባዶ ሳይደረግ፣ ሳይታጠብና ሳይወጣ ከቀረ፣ እኒያን እናት ያገኘኋቸው ዓይነት ጉድጓድ ይበዛል። ፈቃድ ሲሰጥ የመዝጊያው ነገር አብሮ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። አዲስ የሚተከለውም ታንከር ግድግዳው ድርብ ይሁን፤ ውስጠኛው ሲቀደድ በሁለቱ መካከል ያለው መቆጣጠሪያ ይጮኻል፤ አፈሩ ሳይነካ ይታወቃል።

ከዚህ ስንወጣ ማድረግ የምንችለውን ልናገር። የማደያ ባለቤቶች፣ የዚህን ዓመት ደብተራችሁን በወር በወር ደምሩት። ከተማ አስተዳደሩ፣ ከማደያዎቻችን ቁልቁል ያሉትን ጉድጓዶችና ምንጮች በካርታ ላይ ያስፍር። የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ደግሞ አሁን፣ ገና ምንም ሳይሰማ፣ ናሙና ውሰዱ፤ አንድ ጊዜ በሐምሌ፣ አንድ ጊዜ በሚያዝያ። ነገ ችግር ቢመጣ "ድሮም እንዲህ ነበር" ለሚል ክርክር መልስ የሚሆነው ዛሬ የተወሰደው ናሙና ብቻ ነው።

ናሙናውን ስትወስዱ በሃይላንድ ጠርሙስ አትውሰዱ። ፕላስቲኩ ራሱ ቤንዜኑን ይመጥጣል፣ ያሳልፈዋልም፤ ቤተ ሙከራው "ንጹሕ ነው" ይላችኋል፤ ውሸት ይሆናል። 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ በደንብ የሚከደን የመስታወት ብልቃጥ ያስፈልጋል። ባልዲ ወርውራችሁ ውኃውን አታንቦጫርቁት፤ የሚተነው በዚያ ያመልጣል። በቀስታ ቀድታችሁ እስከ አፉ፣ ጉብ እስኪል ሙሉት። ክደኑት፤ ከዚያ ገልብጡትና ጣት መታ አድርጉበት። አረፋ ወደ ላይ ከወጣ አየር ገብቷልና ድፉት፤ እንደገና ጀምሩ። ካልወጣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጉድጓዱን ስም ጽፋችሁበት በበረዶ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት፤ ለቤተ ሙከራው በሳምንቱ ውስጥ ይድረስ። ብልቃጦቹን ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ባለው ካርቶን ውስጥ ናቸው።